ዝቅ ብላ ድል ነሣች፤ የስሕተትና የመተጫጨት ኮሜዲ ታሪክ

ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ

ሰው ሌላውን ሰው ያልሆነውን ነው ብሎ ሲይዘው ማየት ያስቃል። ስሕተቱ በጋብቻ ጉዳይ ሲሆን ግን ከሣቁ በስተኋላ ፍርሃት አለ፤ ጋብቻ የአንድ ቀን ነገር አይደለምና። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 29 ተጽፎ እንደምናገኘው ያዕቆብ ለራሔል ሲል ላባን ሰባት ዓመት አገለገለው፤ በሠርጉ ሌሊት የተሰጠችው ግን ልያ ነበረች። ይህንም ያወቀው ሲነጋ ነው። ለራሔልም ሌላ ሰባት ዓመት መገዛት ግድ ሆነበት። ሰባኪዎች ስለ ያዕቆብ ትዕግሥትና ስለ ላባ ተንኰል ብዙ ይነግሩናል። ልያ በዚያች ሌሊት ምን እንዳሰበች ግን የጠየቀ ሰው የለም፤ ምዕራፉም አይነግረንም።

በዚህ የበዓል መጽሔት ልናነሣው የፈለግነው ስለ አንድ የእንግሊዝ ኮሜዲ ነው። በዚህ ኮሜዲ ውስጥም ስሕተት አለ፤ መተጫጨትም አለ፤ ነገር ግን ስሕተቱን የምትይዘውና እንደ መሣሪያ የምትሠራበት ልጅቱ ራሷ ናት። ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለው ጨዋታ በአገራችን መድረክ ላይ ምን ዓይነት መንገድ እንደ ሄደ እንመለከታለን።

የኮሜዲው ደራሲ ኦሊቨር ጎልድስሚዝ ይባላል። የአየርላንድ ሰው፣ የቄስ ልጅ ነው። ሕክምና ጀምሮ ሳይጨርስ በእግሩ የአውሮፓን አገሮች ዞረ፤ ዋሽንት እየነፋ እራቱን ያገኝ ነበር ይባላል። በኋላም ሎንዶን ገብቶ በብዕሩ ኖረ፤ ከዕዳ የወጣበት ጊዜ ግን ጥቂት ነው። የኮሜዲው ሐሳብ በራሱ ላይ ከደረሰ ነገር እንደ መጣ ይተረካል። ገና ተማሪ ሳለ፣ ዕድሜው ከእኛ ዕድሜ ትንሽ ቢያንስ ነው፣ ከቤቱ ወደ ተማሪ ቤት ሲመለስ አርዳ በምትባል መንደር ላይ መሸበት። በኪሱ አንድ የወርቅ ጊኒ ነበረውና እንደ ትልቅ ሰው ኰራ ብሎ ከመንደሩ ቤት ሁሉ የሚበልጠው የቱ እንደ ሆነ ጠየቀ። የተጠየቀውም ሰው ቀልደኛ ስለ ነበረ ወደ ባላባቱ ቤት መራው። ልጁ አልቤርጎ የገባ መስሎት እራት አዘዘ፤ ወይን አስመጣ፤ የቤቱንም ጌታ ከነቤተ ሰቡ «ኑ አብራችሁኝ ጠጡ» ብሎ ጋበዘ፤ ለማለዳም ትኩስ ቂጣ እንዲጋገርለት አዝዞ ተኛ። ባላባቱ የልጁን አባት የሚያውቅ ሰው ነበርና እየሣቀ ዝም አለው። ነገሩ የተገለጠው በማግሥቱ ሒሳብ ልክፈል ሲል ነው።

ይህ የተማሪ ስሕተት ብዙ ዓመት ቆይቶ ኮሜዲ ሆነ። ርእሱን ወደ አማርኛ ስንመልሰው «ዝቅ ብላ ድል ነሣች» ልንለው እንችላለን። ማርሎው የሚባል የተማረ ወጣት አባቱ ያጨለትን ልጅ ሊያይ ከሎንዶን ወደ ገጠር ይሄዳል። ልጅቱን ከዚያ በፊት አይቷት አያውቅም፤ እሷም አላየችውም፤ የተስማሙት አባቶች ናቸው። በመንገድ ላይ የልጅቱ እናት ከሌላ የወለደችው ቶኒ የሚባል፣ ከመጠጥና ከፈረስ በቀር ሌላ ነገር የማያስብ ጎረምሳ ያገኘውና የአማቱን ቤት «አልቤርጎ ነው» ብሎ ይጠቁመዋል። ማርሎውም ገብቶ የወደፊት አማቱን እንደ አልቤርጎ ባለቤት ያዝዘዋል፤ ይቈጣዋል፤ የእራቱን ዝርዝር አምጣ ይለዋል።

እስከዚህ ድረስ የወንዶች ቀልድ ነው። ጨዋታው ከፍ የሚለው ኬት የምትባለው ልጅ ስትገባበት ነው። ማርሎው ሁለት ጠባይ አለው፤ በእመቤቶች ፊት አንደበቱ ይታሰራል፤ በገረዶች ፊት ግን ደፋር ነው። ኬትን በክብር ልብሷ ሲያገኛት ቀና ብሎ ፊቷን እንኳ አላየም። ኬት ከአባቷ ጋራ ባደረገችው ስምምነት ቀን እንደ ወደደች ታጌጣለች፤ ማታ ማታ ግን አባቷን ለማስደሰት የተራ ቤት እመቤት ልብስ ትለብሳለች። ማርሎው በዚህ በሁለተኛው ልብስ ሲያያት የቤቱ አገልጋይ መሰለችው። እሷም ስሕተቱን ባወቀች ጊዜ አላረመችውም። እንግዲህ ይህ ወንድ በእውነት ምን ዓይነት ሰው ነው? በትልቅ ሰው ፊት እንጂ በትንሽ ሰው ፊት እንዴት ይኖራል? ሊያገባት ያለውን ሰው ሳያውቅባት መረመረችው። በመጨረሻም አባቷና የማርሎው አባት ከመጋረጃ በስተኋላ ቆመው ሁሉን ሰሙ። በዚያን ጊዜ ማርሎው ድኻ ናት ብሎ ለሚያስባት ልጅ ልቡን እየሰጠ ነበር።

ይህ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በማርች 15 ቀን 1773 በሎንዶን በኮቨንት ጋርደን ቴአትር ለመጀመሪያ ጊዜ ታየ። እዚያ እስኪደርስ ያየው መከራ ራሱን የቻለ ኮሜዲ ነው። በዚያ ዘመን ሎንዶን ውስጥ በሕግ ፈቃድ ያላቸው ዋና ዋና ቴአትር ቤቶች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ሁለቱ እንቢ ካሉት አንድ ደራሲ የሚሄድበት የለውም። ደግሞም ኮሜዲ ተብሎ ይታይ የነበረው አብዛኛው ተመልካችን የሚያስለቅስ፣ ስለ በጎ ምግባር የሚሰብክ ድርሰት ነበር፤ የመጠጥ ቤት ሣቅ እንደ ብልግና ይቈጠር ነበር። የኮቨንት ጋርደን ሹም ጆርጅ ኮልማን ጽሑፉን ተቀብሎ ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ታላቁ ሊቅ ሳሙኤል ጆንሰን በብርቱ ባይገፋው ኖሮ ላይታይ ይችል ነበር፤ ጎልድስሚዝም ድርሰቱ ሲታተም መታሰቢያነቱን ለጆንሰን ሰጥቷል። ዋነኛው ተዋናይ ስሚዝ የማርሎውን ቦታ አልፈልግም አለ፤ ዉድዋርድም የቶኒን ቦታ ተወው። በእነሱ ፈንታ ሊ ሉዊስና ጆን ኩዊክ ገቡ፤ ስማቸውም ከዚያ በኋላ ተነሣ። (እንቢ ያሉት ሰዎች ኋላ ምን ተሰምቷቸው ይሆን!) ኬትን የተጫወተችው ሜሪ በልክሊ ናት። ርእሱ እንኳ ቀኑ እስኪቃረብ ድረስ አልተቈረጠም ነበር።

በዚያች ሌሊት ጎልድስሚዝ ከፍርሃቱ የተነሣ ቴአትሩ ውስጥ መቀመጥ አልቻለም። ወዳጆቹ በቦታቸው ተቀምጠው ሲሥቁ እሱ በቅዱስ ጄምስ መናፈሻ ብቻውን ይዞር ነበር። አንድ ሰው አግኝቶ «ምናልባት ቃል የሚለወጥ ቢኖር ታስፈልጋለህ» ብሎ ባይመልሰው ኖሮ አይመጣም ነበር። የገባው በአምስተኛው ክፍል ነው፤ በዚያ ላይ ቶኒ እናቱን በጨለማ በሰረገላ እያዞረ በገዛ አትክልቷ ውስጥ ሳለች አርባ ማይል ርቃ የሄደች ያስመስላታል። ልክ በዚህ ጊዜ አንድ ሰው «እስ!» ብሎ አፏጨ። ደራሲው ደነገጠ። ኮልማን ግን «ሁለት ሰዓት ሙሉ በባሩድ በርሜል ላይ ተቀምጠን ስንኖር አንዲት ርችት ምን ታስፈራሃለች» የሚል መልስ እንደ ሰጠው ይነገራል። ባሩዱ አልፈነዳም፤ የፈነዳው ሣቅ ነበር። በዚያ ዘመን ልማድ ደራሲው የሦስተኛውን፣ የስድስተኛውንና የዘጠነኛውን ሌሊት ገቢ ይወስድ ነበርና ጎልድስሚዝም ድርሻውን አገኘ፤ ለዕዳው ግን አልበቃውም። በሚከተለው ዓመት በአፕሪል ወር 1774 ሞተ።

አሁን ወላጆቻችን «የፈረንጅ መተጫጨት ለዳንግላ ምኗ ነው?» ብለው ቢጠይቁን መልስ አለን። በመጀመሪያ ነገር እንግሊዝ ራሱ ለዳንግላ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ ሮበርት ቺዝማን የተባለው ቆንስል እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 እዚሁ ዳንግላ ተቀምጦ ጣናንና ዓባይን ሲመረምር ኖሮ በ1936 መጽሐፉን አሳትሟል። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። አባቶች ተስማምተው፣ ሽማግሌ ተልኮ፣ ሰባት ቤት ተቈጥሮ፣ ሙሽራና ሙሽሪት ሳይተያዩ የሚጋቡበት ወግ ከእንግሊዞች ይልቅ ለእኛ አያቶች ቅርብ ነው። የማርሎው አባት ያደረገውን ለማስረዳት ለዳንግላ ተመልካች አንድ ቃል እንኳ አያስፈልግም።

ይሁን እንጂ የጨዋታውን ሁለት ክፍል ወደ አማርኛ ለመመለስ ስንሞክር ብዙ ያልጠበቅነው ነገር ገጠመን። የመጀመሪያው ስለ ቤቱ ነው። በእንግሊዝ አገር መንገደኛ ገንዘብ ከፍሎ ያድራል። በእኛ አገር ግን የመሸበት ሰው ከማናቸውም ደጃፍ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ሲል «ቤት ለእንግዳ» ተብሎ ይገባል፤ እግሩ ይታጠባል፤ ያለው ይቀርብለታል። ታዲያ የባላባቱ ቤት አልቤርጎ መሆኑና አለመሆኑ በምን ይታወቃል? የሚታወቀው በእንግዳው አፍ ነው ብለን ቈረጥን። የእግዚአብሔር እንግዳ የሰጡትን ይበላል፤ የአልቤርጎ እንግዳ ያዝዛል። ስለዚህ የእኛ ማርሎው እግሩን ሊያጥቡለት ሲመጡ ውኃው ቀዘቀዘ ብሎ ይቈጣል። ይህን ስንሞክር ከሁሉ ይልቅ የሣቁት የጥበቃ ሠራተኛው አባባ ናቸው።

ሁለተኛው የአማርኛ ጸጋ ነው። በእንግሊዝኛ ለንጉሥም ለአሽከርም የሚባለው አንድ ቃል ነው። በአማርኛ ግን «አንተ» እና «እርስዎ» አሉ። ማርሎው የወደፊት አማቱን «አንተ ሰውዬ፣ ጠጅ አምጣ!» ሲል በእንግሊዝኛው ውስጥ ከሌለ ቦታ ድንጋጤ ይመጣል፤ ተመልካቹ ከወንበሩ ይነሣል። ኬትን በጥልፍ ቀሚሷ ሲያገኛት «እርስዎ» ይላል፤ በሥራ ቀሚሷ ሲያገኛት «አንቺ» ይላል፤ በመጨረሻው ክፍል፣ ገረድ ናት ብሎ ገና እያሰበ፣ ሳያውቀው «እርስዎ» ብሎ ይጠራታል። ጎልድስሚዝ አማርኛ ቢያውቅ ኖሮ ይህን አይተወውም ነበር እንላለን።

ሦስተኛው ግን አከራከረን። በእንግሊዝኛው ኬት ገረድ ስትመስል አነጋገሯንም ትለውጣለች። ከመካከላችን አንዱ «እመቤት ስትሆን አማርኛ፣ ገረድ ስትሆን አዊኛ ትናገር፤ በዳንግላ ገበያ ሁላችን እንዲሁ ከአንዱ ወደ ሌላው አይደለም ወይ የምንለዋወጠው?» አለ። ሣቅ ሆነ። አንዲት ተማሪ ግን ተነሥታ «እናቴ ያሳደገችኝ በዚህ ቋንቋ ነው፤ የገረድ ቋንቋ አድርገን ለበዓል እንግዳ ልናሳየው ነውን?» ብላ ጠየቀች። ሣቁ ቆመ። እንዲያውም ገልብጠን የኬትን አባት በቤቱ አዊኛ የሚናገር የፈረስ ጌታ አደረግነው፤ ከተሜው ማርሎው ስለማይሰማ ባለቤቱን አሽከር ነው ብሎ መሳሳቱ ይበልጥ ተገቢ ሆነ። ቶኒም በአዊ አገር ስለ ሆነ ፈረስ መውደዱ እንደ ጉድለት አይቈጠርበትም።

ማርሎው በልጅቱ ፊት ዓይኑን መስበሩ ግን እንደ ፈለግነው አላሳቀም። እንግሊዞች ዓይን አፋርነት ነው ብለው ይሥቁበታል፤ የእኛ ሰው ግን ጨዋ ልጅ ነው ብሎ ያመሰግነዋል። ይህን መለወጥ አይቻልም፤ ሣቁን ከሌላ ቦታ መፈለግ ነው።

ወደ አገራችን መድረክ ታሪክ እንመለስ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ዘመናዊ ቴአትር ራሱ ኮሜዲ ነው። በሩሲያ አገር የተማሩት ተክለ ሐዋርያት፣ በኋላ የ1923ን ሕገ መንግሥት ያዘጋጁት፣ በ1913 ዓ.ም. ገደማ «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን በአዲስ አበባ አሳዩ። አውሬዎቹ የሚናገሩት ስለ ሹማምንት መሆኑን መኳንንቱ አልሳቱትም። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ድርሰቱ ታገደ። አውሬ ያልሆነውን አውሬ አስመስሎ ማሳየትም አንድ ዓይነት የማንነት ስሕተት ነው፤ ሎንዶን የፈራችው የመጠጥ ቤት ሣቅን ነበር፤ አዲስ አበባ የፈራችው ደግሞ የጌቶችን መሣቂያነት። ቀጥሎም ከእኛው ጎጃም ከደብረ ኤልያስ የወጣው ባለ ቅኔ ዮፍታሔ ንጉሤ መጣ፤ ቴአትሩ ግን ስለ አገር እንጂ ስለ መተጫጨት አልነበረም። በዚያን ጊዜ የሴቶችን ቦታ ወንዶች ልጆች ይጫወቱ ነበር። በእንግሊዝ አገርም እ.ኤ.አ. እስከ 1660 ድረስ እንዲሁ ነበር። ሴት ልጅ በራሷ አፍ የማትናገርበት መድረክ የኬትን ዓይነት ጨዋታ ሊሸከም አይችልም።

በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው፣ ከተከፈተ በኋላ መንገዱ ሰፋ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ሼክስፒርን ብቻ ሳይሆን የፈረንሳዩን ሞልዬርንም ወደ አማርኛ መለሰ። «የፌዝ ዶክተር» የተባለው ከሞልዬር የ1666 ኮሜዲ የመጣ ነው፤ በዚህም አንድ እንጨት ፈላጭ ሚስቱ ልትበቀለው ስላወራች ብቻ ታላቅ ሐኪም ነው ተብሎ ይያዛል። የሚያክማትም ልጅ አባቷ የመረጠላትን ላለማግባት ድዳ የሆነች የምታስመስል ናት። እንግዲህ አንባቢ ያስተውል፤ ልያን የጠየቃት የለም፤ የሞልዬር ልጅ መናገርን ትታ ዝም በማለት እንቢ አለች፤ ኬት ግን ተናገረች።

ከእነዚህ ሁሉ ለእኛ የሚቀርበው መንግሥቱ ለማ ነው። የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ፣ በአገር ቤት ትምህርትም በሎንዶንም ያለፈ ሰው ነው፤ በ1980 ዓ.ም. አረፈ። በ1950ዎቹ ዓመታት «ጠልፎ በኪሴ» እና «ያላቻ ጋብቻ» የተባሉትን ሁለት የጋብቻ ኮሜዲዎች ሰጠን። በመጀመሪያው ዘመናዊ ነን የሚሉ ከተሜዎች የጠለፋን ወግ ያነሣሉ። ይህ በዚያን ጊዜ ተራ ቀልድ አልነበረም፤ በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠለፋን ቢቀጣም ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ክሱ ይቀር ነበር። ይህ በር የተዘጋው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። የ1952ቱም የፍትሐ ብሔር ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ እንድትዳር ይፈቅድ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተ ሰብ ሕግ፣ ቀጥሎም በ1995 የወጣው የክልላችን ሕግ ለሁለቱም 18 አደረገው። እኛ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አብዛኞቻችን ዘንድሮ 18 ሞላን፤ በአያቶቻችን ዘመን ግን ብዙዎቹ ሴት ልጆች በዚህ ዕድሜ እናቶች ነበሩ።

«ያላቻ ጋብቻ» ከጎልድስሚዝ ጋራ ቢተያይ አንድ ትልቅ ነገር ይገልጥልናል። ይህ ድርሰት በእንግሊዝኛ እ.ኤ.አ. በ1970 ሎንዶን ታትሟል። በውጭ አገር የተማረው ባሕሩ የጌታ ልጅ ነው፤ የሚጠቅመውን ጋብቻ ትቶ በገጠር ተማሪ ቤት ያቋቁማል፤ ገረዱንም ያገባል። ኬት ገረድ መስላ የጌታ ልጅ ሆና ተገኘች፤ ስለዚህ በመጨረሻ ማንም ሰው ገረድ ማግባት አላስፈለገውም፤ አባቶችም ተደሰቱ። የመንግሥቱ ለማ ገረድ ግን መጋረጃው እስኪዘጋ ገረድ ናት። የተደበቀ ዘር የላትም፤ የሚገለጥ ባላባት አባት የላትም። እኛ እንደሚመስለን ጎልድስሚዝ ጥያቄውን አንሥቶ በብልሃት አመለጠ፤ መንግሥቱ ለማ ግን አላመለጠም። ሣቅ የሚበዛው በጎልድስሚዝ እንደ ሆነ ግን መካድ አይቻልም።

የኬትን ቦታ ማን ይጫወት በተባለ ጊዜ ለዚህ የተመረጠችው ጓደኛችን እናት ተማሪ ቤት ድረስ መጡ። «ልጄ በሕዝብ ፊት ወንድ ልታባብል ነው?» አሉ። መምህራችን ወንበር ሰጥተው «እትዬ፣ አንዱን ክፍል ይመልከቱና ይፍረዱ» አሏቸው። አባቷ ከመጋረጃ በስተኋላ ቆሞ የሚሰማበትን ክፍል አሳየናቸው። እናትየው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው አዩ። «አባቷ የሚሰማ ከሆነ ምን ነውር አለው፤ ደግሞ ፈተነችው እንጂ አላባበለችውም» ብለው ሄዱ። ስለ ጎልድስሚዝ ከተጻፈው ካነበብነው ሁሉ ይህ ፍርድ አይሻልም ለማለት አንደፍርም።

ለበዓሉ ቀን ከ«ዝቅ ብላ ድል ነሣች» ሁለቱን ክፍል፣ ቀጥሎም ከ«ያላቻ ጋብቻ» አንዱን ክፍል እናሳያለን። ሁለቱንም የምትጫወተው ያችው ልጅ ናት፤ የሥራ ቀሚሱም ያው አንዱ ስለ ሆነ የልብስ ወጪ አይበዛብንም።